ልጅ ሲመልስ መምህር ምን ይመልሳል?

(በመስጂዱ ግቢ ለመድረሳው መምህራንና ለተማሪ ወላጆች የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ኮሚቴው ይህን ርእስ ለምን እንደሰጠኝ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነሥተው፣ «ልጆቹ አፍ አወጡ። ኡስታዙ አንድ ሲናገር እነሱ ሁለት ይመልሳሉ። በእኛ ጊዜ አለንጋው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ማየቱ ብቻ ይበቃን ነበር። አለንጋው ይመለስልን» አሉ። ከተሰብሳቢውም ብዙው «እውነት ነው» ሲል ሰማሁ። እኔ ዝም አልኩ። መልስ ጠፍቶኝ አይደለም፤ መልሱ ከራሴ ገመና የሚጀምር ስለሆነ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳስበው ግን፣ 37 ዓመት ሙሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ገመናውን ሸሽጎ ለወጣት ኡስታዞች ምክር ቢሰጥ ምክሩ ውሸት ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ከገመናው ልጀምር።

ዘመኑ 1982 ዓ.ም. ነው። በዚሁ በይፋት ቆላ ስሙን በማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል አስተምር ነበር። የከሰዓት ፈረቃ ነው። የቆርቆሮው ጣሪያ ሙቀት ከላይ፣ ከ80 በላይ ተማሪ ከታች። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተኝቷል። በዚያ ሳምንት ይህ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ጠመኔ ወረወርኩበትና፣ «ተነሥ፤ እዚህ የመጣኸው ለመተኛት ከሆነ እናትህ ቤት ተኛ» አልኩት። ልጁም ዓይኑን እያሻሸ ተነሣና፣ «አንተ ደመወዝ ስለምትበላበት ነው፤ እኔ ምን አገኝበታለሁ?» አለኝ።

ልብ በሉ፣ «አንተ» ነው ያለኝ። በእኛ አገር ልጅ ታላቁን አንቱ ሲል ነው ያደገው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ከሰሌዳው እስከ ኋላ ወንበር ድረስ እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም፤ በጥፊ መታሁት። ደብተሩን ሰብስቦ ወጣ፤ በማግስቱ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የመንደሩ ልጆች ነገሩኝ። አባቱ ታሞ ተኝቶ ነበር። ልጁ ሌሊት ከርከሮ እንዳይገባ ማሽላ ሲጠብቅ ያድራል፤ ጧት ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ሲያባርር ያረፍዳል፤ ከቀትር በኋላ ትምህርት ቤት ይመጣል። እኔ «እናትህ ቤት ተኛ» ያልኩት ልጅ ቤቱ ከተኛ ብዙ ቀን ሆኖት ነበር። አባቱ ጋ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ነገ ዛሬ ስል ቀረ። አባትየውማ ልጁን ያስመዘገበ ዕለት፣ «ዓይኑን ብቻ አደራ፤ ለሌላው የፈለግኸውን አድርግ» ብሎኝ ነበር። እኔም ይህን እንደ ፈቃድ ወረቀት ኪሴ ይዤው ኖርኩ።

ሕጉም ያኔ ከእኔ ጋር ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መምህር በተማሪው ላይ የሚፈጽመውን መጠነኛ የአካል ቅጣት እንደ ጥፋት አይቆጥረውም። ነገሩ የተለወጠው ቆይቶ ነው። አገራችን የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በ1983 ዓ.ም. ተቀበለች፤ ቀጥሎም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤቶችም ሆነ ልጆችን በሚያሳድጉ ሌሎች ተቋማት ውስጥ ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደነገገ። «ሌሎች ተቋማት» የሚለው መድረሳችንንም ይነካል። ስለዚህ «አለንጋው ይመለስ» ስንል ኮሚቴውን ሕግ ጣስ እያልነው መሆኑን እናውቅ ዘንድ ይገባል። ነገር ግን እዚህ የመጣሁት ሕግ ላነብላችሁ አይደለም። ሕግ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሩን ዘግቶ የሚመታ ሰው አይጠፋም ነበር።

ወደ ዲናችን እንመለስ። ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ውስጥ ሙዓዊያ ኢብኑል ሐከም አስ-ሱለሚ (ረ.ዐ.) የሚባል ባልደረባ አለ። ነገሩን የነገረን ራሱ ነው። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኋላ ቆሞ ሲሰግድ አንድ ሰው ያስነጥሳል፤ እርሱም በሶላት መሐል ድምፁን አውጥቶ «የርሐሙከላህ» ይላል። ሰጋጆቹ በዓይናቸው ይገላምጡታል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሰውየው ዝም አላለም፣ መለሰ! ምን አደረግሁና ታዩኛላችሁ የሚል ንግግር ተናገረ። እነርሱም ዝም ሊያሰኙት ጭናቸውን ይመቱ ጀመር። በኋላ ሶላቱ አለቀ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሶላት የሰዎች ንግግር የማይገባበት፣ የተስቢሕ፣ የተክቢርና የቁርአን ቦታ መሆኑን በአጭሩ አስረዱት። ሰውየው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደ እርሳቸው ያለ መልካም መምህር እንዳላየ፣ እንዳልገላመጡት፣ እንዳልመቱት፣ እንዳልሰደቡት መሰከረ።

ይህን ሐዲስ በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ፤ ያልገባኝ ግን ጊዜው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተናገሩት ሶላቱን ጨርሰው ነው። የተሳሳተው ሰው ተሳስቶ፣ መልሶም፣ ሰው ሁሉ ተቆጥቶበት እያለ ሶላቱ ቀጠለ። ሲያልቅ አጠገባቸው ሆኖ የሰማው ስድብ አልነበረም፤ ሥራው ምን እንደሆነ ነው። እኔ በ1982 ከሰሌዳ እስከ ኋላ ወንበር የሮጥኩት ሰውዬ ሒሳቡን ጨርሼ፣ ደወል ተደውሎ፣ ልጁን ዛፍ ሥር ጠርቼ «ለምን እንቅልፍ በዛብህ?» ብዬው ቢሆን ኖሮ የማሽላውን ነገር በዚያው ቀን እሰማ ነበር።

አሁን ኡስታዞቻችን፣ «ጋሼ፣ እሱ ለነቢያት ነው፤ እኛ ደማችን ይፈላል» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይፈላል። የማይፈላበት መምህር አላየሁም። ስለዚህ ነው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተቆጣ ሰው ቆሞ ከሆነ እንዲቀመጥ፣ ካልበረደለት ጋደም እንዲል ያስተማሩን። ክፍል ውስጥ መጋደም አይቻልም፤ መቀመጥ ግን ይቻላል። እኔ በኋለኛው ዘመኔ አንድ ልማድ አወጣሁ። ልጅ ሲመልስልኝ አዑዙ ቢላህ እልና ወደ ሰሌዳው ዞሬ ቀኑን እጽፋለሁ። ቀኑ ተጽፎ ከሆነም አጥፍቼ እንደገና እጽፈዋለሁ። ተማሪዎቼ ይህን ነቅተውበት፣ «ጋሼ ቀን ጻፉ ማለት ተናደዱ ማለት ነው» ይባባሉ እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ። ምንም አይደለም። ቀን በመጻፌ ማንም ከትምህርት ገበታ አልቀረም።

ሌላው ነገር ድምፅ ነው። ልጅ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እናንተ ዝቅ አድርጉ። ሉቅማን ልጁን ሲመክር ድምፅን ዝቅ ስለማድረግ የተናገረውን ኡስታዞቹ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል፤ እኔ ከሥራው ያየሁትን ልንገራችሁ። 70 ልጅ ባለበት ክፍል መምህሩ ሲጮህ ልጆቹ ከእርሱ በላይ ይጮኻሉ፤ መምህሩ ሊሰማ የማይችል ያህል ዝቅ ሲል ግን የፊተኞቹ «እሽሽ» ይላሉ፤ ዝምታው ወደ ኋላ ይሄዳል። ሁልጊዜ አይሠራም። ሐሙስ ከሰዓት ነፋስ ሲነሣ ምንም አይሠራም።

የሚመልስ ልጅ የሚያናግረው እናንተን ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ያሉትን ጓደኞቹን ነው። በእነርሱ ፊት መልስ በመለሳችሁለት ቁጥር እርሱም ሌላ መልስ መፈለግ ይኖርበታል፤ አለዚያ ተሸነፈ ይባላል። ኢማም አል-ገዛሊ (1111 እ.ኤ.አ. ያረፉት) በኢሕያእ መጽሐፋቸው የመምህሩን ግዴታዎች ሲዘረዝሩ፣ ተማሪን ከመጥፎ ጠባይ በተቻለ መጠን በሽሙጥ ሳይሆን በርኅራኄ፣ በግልጽ በማዋረድ ሳይሆን በጠቋሚ ቃል መመለስ እንደሚገባ ያስረዳሉ። ምክንያታቸውም የሚያስደንቅ ነው። በአደባባይ የተዘለፈ ልጅ የፍርሃትና የአክብሮት መጋረጃው ይቀደዳል፤ ከዚያ ወዲያ ደፋር ይሆናል ይላሉ። ከ900 ዓመት በፊት የተጻፈ ነው፤ እኔ ግን ያንን መጋረጃ ሲቀደድ ክፍል ውስጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ቀዳጁም ብዙ ጊዜ እኔ ነበርኩ።

ኢብን ኸልዱንም አለ። ይህ ሊቅ ስለ እኛው ስለ ይፋት፣ ስለ ወለስማ ነገሥታትም በታሪክ መጽሐፉ ያነሣ ስለሆነ እንደ ዘመድ አየዋለሁ። በ1377 እ.ኤ.አ. በጻፈው ሙቀዲማ ውስጥ በተማሪ ላይ መክበድ እንደሚጎዳ አንድ ምዕራፍ መድቦ አስረድቷል። በኃይል ያደገ ልጅ ነፍሱ ትጠባለች፤ ንቃቱ ይጠፋል፤ ዱላውን ለማምለጥ ሲል ውሸትና ማስመሰል ይለምዳል፤ ልማዱም ጠባዩ ሆኖ ይቀራል ይላል። እስቲ የአለንጋው ዘመን ልጆች የሆንን ሰዎች ራሳችንን እንጠይቅ። ሎሁን ሳንሐፍዝ «ሐፍዘናል» ብለን ስንት ጊዜ ዋሽተናል? እኔ ብዙ ጊዜ።

ባለፈው የተናገሩት አባት አሁን በልባቸው የሚሉትን አውቃለሁ። «የአሥር ዓመቱን ሐዲስስ ወዴት ጣልከው?» ይላሉ። አልጣልኩትም። እኔ ዓሊም አይደለሁም፤ ትርጓሜውን ኢማማችን ይነግሩናል። ነገር ግን የሒሳብ መምህር ነኝና አንድ ስሌት ላቅርብ። በሐዲሱ ልጅ በሰባት ዓመቱ በሶላት ይታዘዛል፤ ሌላው የሚነሣው አሥር ዓመት ሲሆነው ነው። በመካከል ሦስት ዓመት አለ። በቀን አምስት ሶላት፣ በዓመት 354 የጨረቃ ቀን፣ ለሦስት ዓመት ብታሰሉት ከ5,300 ጊዜ በላይ ይሆናል። ይህን ሁሉ ጊዜ በመልካም ቃል ያዘዘ አባት ከመካከላችን ማነው? እኔ ልጄን 50 ጊዜ እንኳ በትዕግሥት ማዘዜን እጠራጠራለሁ። ደግሞም ሐዲሱ ስለ ሶላት ነው፤ ስለ መምህር ክብር አይደለም። ፊት መምታት ክልክል መሆኑንም ሁላችንም እናውቃለን፤ እኔ ደግሞ የመታሁት ፊቱን ነው።

ስለ አሁኖቹ ልጆች ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም እንደኛ ዘመን ልጆች አይደሉም። በ2012 መጋቢት በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2013 በአጣዬና በዙሪያው የደረሰውን እሳትና ስደት ታውቃላችሁ። በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ከተማችን ድረስ ገባ። ከዚያም በኋላ የተኩስ ድምፅ ያልሰማ ልጅ የለንም። ወንበር ሲወድቅ የሚደነግጥ፣ በር ሲንኳኳ ፊቱ የሚገረጣ ልጅ አስተምሬአለሁ። እንዲህ ያለውን ልጅ ከኋላ መጥታችሁ ትከሻውን ብትይዙት ቢገፈትራችሁ አትደነቁ። ድፍረት ይመስላል እንጂ ፍርሃት ነው። ከፊት ለፊት ኑ፤ ስሙን ጥሩ፤ እጃችሁ ይታይ።

በ2015 የ10ኛ ክፍል ተማሪ የነበረ አንድ ልጅ ደብተር አውጣ ስለው፣ «ተምረን የት እንደርሳለን? የሚያልፈው ሦስት በመቶ ነው» አለኝ። የ12ኛ ክፍል ውጤት የተነገረ ሰሞን ነው፤ በእርግጥም 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ክፍሉ ዝም ብሎ ያየኛል። ወደ ሰሌዳው ዞርኩ፤ ቀኑን ጻፍኩ። ከዚያም፣ «ጥያቄህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ዛሬ የጀመርነውን እንጨርስና ነገ የመጀመሪያው ሥራችን እሱ ይሆናል» አልኩት። በማግስቱ 3.3 በመቶን ሰሌዳ ላይ አወጣን። ከ60 ተማሪ ሁለት ልጅ ማለት ነው። ልጆቹ ዙሪያቸውን ተያዩ። ከዚያም አንዲት ልጅ፣ «ሁለቱ ምን አድርገው ነው ያለፉት?» ብላ ጠየቀች፤ ሰዓቱ በዚህ አለቀ። ልጁ ከዚያ በኋላ መልአክ አልሆነም፤ ሥራውን ሳይሠራ የመጣበት ቀን ብዙ ነው። ነገር ግን መጣ። እስከ ሰኔ ድረስ መጣ።

አንዳንድ ጊዜ መልሱን የምንጠራው እኛ ነን። በከተማችን አርጎብኛ፣ አፋርኛ፣ ኦሮምኛ ከቤቱ ይዞ የሚመጣ ልጅ ብዙ ነው። አማርኛው ሲሰናከል፣ ወይም «ዐይን»ን እንደ «አሊፍ» ሲያነብ መምህሩ ያስመስልበታል፤ ክፍሉ ይስቃል። ልጁ በሦስተኛው ቀን አንድ ክፉ ቃል ይወረውራል፤ ባለጌ ይባላል። የእናቱን ቋንቋ መቀለጃ ካደረግነው በኋላ አደብ ልንጠይቀው ምን አፍ አለን? በስሙ፣ በጎሣው፣ በድህነቱ፣ በጫማው ቀልድ የሚባል ነገር ከመድረሳችን ይውጣ። ይህን ለኡስታዞቹ ብቻ አልልም፤ እናንተም ቤታችሁ ቡና ላይ «ያ ኡስታዝ እኮ ምንም አያውቅም» ስትሉ ልጁ ከጀበናው አጠገብ ተቀምጦ ይሰማል። በማግስቱ የሚመልሰው የእናንተን ቃል ነው።

«ታዲያ ልጅ ያሻውን ይናገር ወይ?» ለሚለኝ፣ አይደለም። ልጅ ሲያጠፋ የሚከተለው ነገር መኖር አለበት፤ ቀድሞ የሚታወቅ፣ ለሀብታሙም ለድሃውም ልጅ አንድ የሆነ ይሁን። ጓደኛውን የሰደበ ይቅርታ ይጠይቃል። ሎህ የሰበረ ከአባቱ ጋር ሆኖ ያሠራል። ትምህርት ያወከ ከጓደኞቹ ተለይቶ ፊት ወንበር ይቀመጣል፤ በኋላም ብቻውን ከኡስታዙ ጋር ይነጋገራል። ወላጅ የሚጠራው ልጁን ለመክሰስ ብቻ አይሁን። እኔ ከወላጅ ጋር ስገናኝ በመጀመሪያ ስለ ልጁ አንድ መልካም ነገር እናገራለሁ፤ ካላገኘሁ እስካገኝ ድረስ ወላጅ አልጠራም። ለአንድ ልጅ ጥፋት ክፍሉን በሙሉ ማንበርከክም ይቅር፤ 69ኙ ንጹሐን ያን ቀን በደልን ይማራሉ።

ለኮሚቴው ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። ከአሊፍ እስከ ጁዝዕ ዐምማ ያሉትን ሁሉ በአንድ ክፍል፣ ከዙህር በኋላ በዚያ ሙቀት፣ ለአንድ ኡስታዝ ሰጥተን «ታገሥ» ማለት ተገቢ አይደለም። ሰዓቱ ወደ ጧት ወይም ከዐስር በኋላ ይዛወር። ከፍ ያሉት ደረሳዎች ታናናሾቹን እንዲያስቀሩ ይደረግ፤ አባቶቻችን በየሀሪማው የኖሩት እንደዚያ ነው። የኡስታዙም ክፍያ በወሩ መጨረሻ ይድረሰው። ቤቱ ዘይትና ጤፍ ያለቀበት ሰው በልጅ ፊት ድምፁን ዝቅ ማድረግ ይከብደዋል። ይህን የምለው ከንባብ አይደለም።

ያን የመታሁትን ልጅ ከብዙ ዓመት በኋላ መናኸሪያ አገኘሁት። ሽንኩርት ይጭን ነበር። እኔ አላወቅሁትም፤ እርሱ ነው ያወቀኝ። «አንቱ ያስተማሩኝ አይደሉም?» አለኝ፤ አንቱ አለኝ። ጆንያዬን መኪናው ላይ ሰቀለልኝ። እዚያው ሰው መሐል ቆሜ ዐውፍ በለኝ አልኩት። «ረስቼዋለሁ ጋሼ» አለ። ሒሳቡን ጨምሬ ስሰጠው ትርፉን ቆጥሮ መለሰልኝ። ልጆቹ ስንተኛ ክፍል እንደደረሱ ስጠይቀው ግን ወሬውን ወደ ሽንኩርት ዋጋ አዞረው፤ እኔም አልደገምኩም።

የአሥር ዓመቱን ሐዲስ በተመለከተ ኢማማችን ከመግሪብ በኋላ ያብራሩልናል። ስለ ሰዓቱ መዛወር ሐሳብ ያላችሁ ወላጆች ስማችሁንና የልጆቻችሁን ክፍል ለኮሚቴው ጸሐፊ አስመዝግቡ። ባለፈው የተናገሩት አባትም ከመሄዳቸው በፊት ያግኙኝ፤ የሚሉኝን መስማት እፈልጋለሁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።